የቆርቆሮ ቤት ብርድ

ተሻለች መሰላሉ ላይ ተንጠራርታ ረጅሙን የባሕር ዛፍ እንጨት የጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ ሰደደችው። ወደ ታች ስትገፋው ጥላሸቱ በአፉ ብን ብሎ ወጣና ፊቷ ላይ ተደፋ። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ እንደገና ገፋችው። እንጨቱ ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርስ አንዳች ነገር ያዘውና አልንቀሳቀስ አለ።

«ውረጂ እንግዲህ» አላት ባሏ ከታች። ወልደጻድቅ ከቅዳሴ መመለሱ ነው፤ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። በአንድ እጁ መሰላሉን፣ በሌላው ባርኔጣውን ይዟል። «መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየሽ ነው።»

«መሰላሉን በሁለት እጅዎ ይያዙልኝ።»

ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ እንዳለችው ያዘላት። ተሻለች እንጨቱን ልታወጣው ሳበችው፤ እምቢ አላት። ጠመዘዘችው። ቀጭ አለና ግማሹ እጇ ላይ ቀረ፤ ግማሹ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ሰጠመ።

ስባሪውን እንደያዘች ወርዳ ከአጥሩ ሥር ወረወረችው። እስካሁን ቧንቧውን የዘጋው ጥላሸት ብቻ ነበር፤ አሁን እንጨትም ተጨመረበት። ፈትቶ የሚገጥመው ቆርቆሮ ሠሪው ጅብሪል ደግሞ ለሥራ ሁሩታ ከሄደ ሰንብቷል። እንግዶቹ የሚመጡት ዛሬ ነው።

እንግዶቹ የልጇ የአበባ አማቾች ናቸው። አበባ ሳጉሬ ለሚኖሩት ለእህል ነጋዴው ለአቶ ግዛቸው ልጅ ከተዳረች ዓመት አልፏታል። ባሏ ሮቤ በመምህርነት ስለሚሠራ ለመውለድ እናቷ ዘንድ አሰላ መጥታ፣ በቅርቡ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሣም። አያቶቹ ሊያዩት በእህል ጫኝ መኪና ተሳፍረው ቀትር ላይ እንደሚደርሱ ልከውባቸዋል።

ታኅሣሥ ነው። ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ጣት ይቆረጥማል፤ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እንኳ አይለቅም። በዚህ ብርድ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ቤት የሚቀዘቅዝ ቤት የለም።

ወልደጻድቅ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ነው። ከአባቱ የወረሰው ሳር ቤት ከጓሮ አለ፤ ክብ፣ ክዳኑ ወደ ምድር ያጎነበሰ፣ በሩ ዝቅ ያለ፤ አሁን ማድ ቤት ሆኗል። ከፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ዳር፣ ይህን ባለ ቆርቆሮ ቤት ያሠራ ጊዜ ግን ሰፈሩ ሁሉ እየወጣ አይቶለታል። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከገበያው ሜዳ ድረስ ያብለጨልጫል። ወልደጻድቅ ወደ ሥራው ሲሄድ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ሳያየው አያልፍም። እሱ ቀኑን ቢሮ ነው የሚውለው፤ የቤቱን ጠባይ የምታውቀው ተሻለች ናት።

ጠባዩ እንደ ወሩ ይለዋወጣል። በሐምሌ ዝናቡ ሲወርድበት እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይሰማሙም፤ ሚስማር የገባበት ሁሉ ያፈስሳል። ተሻለች ሬንጅ እያቀለጠች ስታስደፍን፣ ደፋኝ ሲጠፋም ራሷ ወጥታ ስትደፍን ነው ክረምቱ የሚያልቀው። ጥቅምት ገብቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ላብ ይቋጥርና ሊነጋ ሲል በአቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የካቲትና መጋቢት ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ በቀትር ቅቤው በቅሉ ውስጥ ይቀልጣል፤ ቤት ያለው ሰው እንደሌለው ሰው የዛፍ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። መስኮት ሲከፈት አቧራው ይገባል፤ ሲዘጋ ትንፋሽ ያጥራል።

አምና ብርዱንም ሙቀቱንም ይከለክልልኛል ብላ ከኮርኒሱ በላይ የገብስ ጭድ አስነጠፈች። ደኅና አድርጎ ከልክሎላት ነበር፤ ግን አይጥ ገባበት። አንድ ቀን የወልደጻድቅ አለቃ ዳኛው በእንግድነት መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ከራሳቸው በላይ ሩጫ ሰሙና ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። በማግስቱ ወልደጻድቅ ጭዱን በሙሉ አስጠርጎ አስጣለው።

ዘንድሮ ሌላ መላ ፈለገች። መስከረም እንዳለፈ ጭቃ ከእበትና ከጭድ ጋር አስቦክታ ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ክፍተት ዙሪያውን መረገችው። የመስኮቶቹን ጠርዝ ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቃ በላዩ ጭቃ መረገችበት። አበባ የምትታረስበትን ጓዳማ በተለይ ለፍታበታለች፤ ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣና በዱቄት ማጣበቂያ ከላይ እስከ ታች ለጠፈችው። ሲያልቅ ሻማ አብርታ በየጥጉ ዞረች፤ ነበልባሉ አልተወዛወዘም። በዚያ ሳምንት በሥራዋ ደስ ብሏት ነበር።

ጓዳው ነፋስ አይገባውም፤ ይሁን እንጂ አይሞቅም። ማሞቂያ የተባለው ሳሎኑ መሀል የተተከለው የብረት ምድጃ ነው። የእንጨት መሰንጠቂያ የነበረው ጣሊያን ወደ አገሩ ሲመለስ ወልደጻድቅ ከሱ ገዝቶ በሸክም አስመጣው፤ ቧንቧውም ኮርኒሱንና ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ደረቅ ጥድ ካገኘ ያሞቃል። እንጨቱ ትንሽ እርጥበት ካለው ያለቅሳል። ነፋሱ ከጭላሎ በኩል ሲያይል ጭሱን መልሶ ሰው ላይ ይተፋል። ክረምት ባለፈ ቁጥር ቧንቧው ይዝጋል፤ ጅብሪል ይጠራል፤ ጅብሪል ይጠግናል፤ ተመልሶ ይዝጋል። ተሻለች አንዳንድ ቀን ቤት የያዘች ሳይሆን በሽተኛ የምታስታምም ይመስላታል።

ፊቷን ታጥባ ጓዳ ገባች። አበባ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ግድግዳውን ተደግፋለች። የሕፃኑን እግር በመዳፎቿ መሀል አድርጋ ታሻሸዋለች።

«እማዬ፣ አፍንጫውን ንኪው እስቲ» አለች።

ተሻለች ነካችው። የማድጋ ቂጥ የነካች መሰላት። ሕፃኑ ሊያለቅስ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ከወጣም በኋላ ቀጭን ነበር። ሳሎን ወጥታ ባሏ ፊት ቆመች።

«የአበባ አባት፣ ከእንግዲህ ምን እንጠብቃለን? ወደ ሳር ቤቱ ላውጣቸው። እሳቱ ከጠዋት ጀምሮ አልጠፋም፤ ግድግዳው ራሱ ሞቋል።»

«ዛሬ?» አለ ወልደጻድቅ። የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «አቶ ግዛቸው እኮ ከልጁ እኩል ይህን ቤት ሊያዩ ነው የሚመጡት። እሳቸውም ሳጉሬ ላይ ቆርቆሮ ሊያለብሱ አስበው በሰው በሰው ሲያስጠይቁኝ ነው የከረሙት። ምራታቸውን ማድ ቤት ከድስቱ ጎን አስተኝቼ ልቀበላቸው?»

«ከድስቱ ጎን እሳት አለ።»

«ነገ ታወጫታለሽ። የዛሬን ብቻ እንደምንም አሙቂው።»

ተሻለች ይቺን «እንደምንም» የምትባል ቃል ጠልታታለች። ክረምቱ እንደምንም፣ በጋው እንደምንም። በዚህ ቤት እንደምንም ማለት ተሻለች ማለት ነበር።

ወልደጻድቅ ከሰል በማንደጃ ቢገባ ምን ይመስላታል ብሎ ጠየቃት። እሷ ከሰል ራስ ያዞራል፣ ከገባም በሩ ተከፍቶ መሆን አለበት፣ በሩ ከተከፈተ ደግሞ ሙቀቱ ምኑ ላይ ይቀመጣል ስትል መለሰችለት። እሱም ዝም አለ። ዝም ማለቱን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ጅብሪል ተመልሶ እንደ ሆነ ልይ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ጎረቤቷ ዙቤዳ የጅብሪል እኅት ናት። ደጇ ላይ ተቀምጣ ስንዴ ታበጥራለች። ወንድሟ አለመመለሱን ነገረቻት፤ ቢሆንም ዛሬ በሁሩታው መኪና እንደሚመጣ ልኮባታል።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» አለቻት። «ሳይመሽ ይደርሳል። ቆይ ደግሞ፣ ቧንቧ የሚጎረጉርበት ረጅም ብረት እቤት ትቶ ሄዷል፤ ፈልጌ አመጣልሻለሁ።»

ተሻለች አላስቻላትም፤ መኪናው ደርሶ እንደ ሆነ ብላ እስከ መቆሚያው ወረደች። የሁሩታው መኪና የለም። ከሸቀጥ ተራው ጥግ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። አንዱ አሁን ይመጣል ይላታል፤ ሌላው ጎማ ፈንድቶበት መንገድ ላይ ቆሟል ይላታል። ልመለስ ስትል የሞተር ድምፅ ትሰማለች፤ ሌላ መኪና ይሆናል። እንደዚህ እያለች ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ከደቡብ በኩል ጆንያ የተቆለለበት መኪና እየተንገዳገደ መጣና አቧራውን አልብሷት አለፈ። ከሾፌሩ ጎን ነጭ ነጠላና ጥቁር ጃንጥላ አየች። የሳጉሬው መኪና ነው፤ አማቾቿ ቀድመዋት ሄዱ። ነጠላዋን ጨብጣ ከመኪናው አቧራ ኋላ ሽቅብ ትሮጥ ጀመር።

ስትደርስ ሳሎኑ ውስጥ ሰላምታው ደርቷል። ወይዘሮ አሰፋች ከተቀመጡበት ተነሥተው እንኳን ማርያም ማረችልዎ እያሉ አንገቷን አቅፈው ሳሟት፤ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ፣ እንደገና በዚህ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ፣ ውርጩ ባቄላውን ስለ መምታቱ አወሩ። እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ተሻለች እየመለሰች ዓይኗ ወደ ጓዳው በር ይሄዳል። በሩ ተዘግቷል።

አቶ ግዛቸው ቤቱን አመስግነው አሁን ቀና ብለው ኮርኒሱን ያጠናሉ። የተረጋጉ ሰው ናቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ብርዱን እንዴት እንደሚያደርጉት ወልደጻድቅን ጠየቁት። ወልደጻድቅ ምድጃው ለጊዜው ጥገና ላይ መሆኑን፣ ጓዳው ግን እንደ ልብ መሞቁን፣ አራሷም ሙቀቱ ተስማምቷት እንቅልፍ እንደ ወሰዳት አስረዳቸው። ወይዘሮ አሰፋች እንግዲያውስ አትቀስቅሷት፣ እኛም እጃችንን ታጥበን አረፍ እንበል አሉ።

«ሕፃኑስ?» አለች ተሻለች።

«እሱም ተኝቷል። ዛሬስ ድምፁም አልተሰማ» አላት ባሏ። ደስ ብሎታል።

ያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ቀን ላይ ሳያለቅስ ተኝቶ አያውቅም። ተሻለች እጇ በወይዘሮ አሰፋች እጅ እንደ ተያዘ ባሏን አየችው።

«ጓዳውን ምን አሞቀው?»

«ከሰል አስገባሁላቸው። ፍም እስኪሆን ድረስ ውጭ ነው ያነደድኩት፤ ጭስ የሚባል የለውም።»

«በሩስ?»

«ሙቀቱ እንዳይወጣ ዘጋሁት።»

እጇን መንጭቃ ተነሣች። ወይዘሮ አሰፋች በአየር ላይ የቀረውን እጃቸውን አዩ።

ጓዳው ሞቋል። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። ማንደጃው አልጋው ሥር ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። አበባ በጎኗ ወድቃለች፤ ፊቷ እንደ ሰከረ ሰው ቀልቷል፤ ከአፏ የወጣው ትውከት ትራሱን አርሶታል። ስሟን ጠራቻት። ትከሻዋን ይዛ ነቀነቀቻት። ዓይኗን በግማሽ ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች። ሕፃኑን ከክንዷ ሥር ስታወጣው እጁ፣ እግሩ፣ አንገቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፈለፈ።

መስኮቱን ልትከፍት ሄደች። በራሷ እጅ ነበር የጠቀጠቀችው። ጨርቁን በጥፍሯ ጎተተችው፤ ጫፉ ብቻ ተቀደደ። ሳንቃውን በክርኗ መታችው፤ በምርጊቱ ተይዟል። ተወችውና ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ በሳሎኑ መሀል፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ወንበር እየገፈተረች ወደ ደጅ ሮጠች።

«ልጄን አውጡልኝ!» ያለችው በሩን ካለፈች በኋላ ነው።

ዙቤዳ ቃል የገባችላትን ብረት ይዛ በአጥሩ በር እየገባች ነበር። ሁኔታዋን አይታ ብረቱን ጣለችውና ሕፃኑን ተቀበለቻት። በደረቱ አስተኝታ ጀርባውን አሸችው፤ ገልብጣ ፊቱ ላይ እፍ አለችበት፤ እንደገና አሸችው። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። ተሻለች ልትመለስ ስትዞር ወልደጻድቅና አቶ ግዛቸው አበባን ከነፍራሹ ተሸክመው እየወጡ አየች። የወልደጻድቅ ባርኔጣ የለም። ፍራሹን ሣሩ ላይ አኖሩት።

ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ግቢውን ጠርጎ ያልፍ ነበር። ተሻለች እንዲህ ያለውን ነፋስ ዕድሜዋን ሙሉ ስትከለክለው ኖራለች። አሁን የአበባን ሻሽ ፈትታ፣ ቀሚሷን ከአንገቷ ሥር ተርትራ፣ ነፋሱ እንዲያገኛት ከፊቷ ገለል አለች። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ የት ይቀበራል የሚል ሐሳብ መጣባት። ጥርሷን ነክሳ አባረረችው።

መጀመሪያ ያሳለው ሕፃኑ ነው። ትንሽ ሳል ነበረች። ዙቤዳ እፍ ማለቷን አላቆመችም። ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ በኃይል አለቀሰ፤ ፊቱ ቀስ በቀስ የሰው መልክ ያዘ። አበባ ዘግይታ ነቃች። አስመለሳትና ራሷን በሁለት እጇ ይዛ «ራሴን፣ እማዬ፣ ራሴን» አለች። ተሻለች ያን ጊዜ ነው ሣሩ ላይ የተቀመጠችው።

ሁለቱን ወደ ሳር ቤቱ ለማስገባት ማንም ማንንም አልጠየቀም። ፍራሹ ከግድግዳው ጥግ ተዘረጋ። ክዳኑ ጭሱን ቀስ እያለ በየሣሩ መሀል ያወጣዋል፤ በሩም ክፍት ነው። አበባ ትኩስ አጥሚት ቀመሰች፤ ሕፃኑ ጡት ፈለገ። ወይዘሮ አሰፋች ዱካ ላይ ቁጭ ብለው የልጁን ትንፋሽ ይቆጥሩ ጀመር፤ አቶ ግዛቸው ከምሰሶው አጠገብ ቆሙ። ወልደጻድቅ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ገባ። ጣቶቹ በከሰል ጠቁረዋል። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ምች ነው የመታት» አለ። «ጠዋት በር ላይ ብቅ ብላ ነበር። አራስ ደግሞ ለምች ቅርብ ናት።»

ወይዘሮ አሰፋች ራሳቸውን ነቀነቁ። ምች ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ማንንም አያስወቅስም።

«ዳማከሴ አይጠፋም መቼም» አሉ ወደ ተሻለች ዞረው። «ጨምቀን እናሽትላት።»

ወልደጻድቅ በሴትዮዋ ትከሻ በላይ ሚስቱን አያት። ተሻለች ይህን ዓይኑን ታውቀዋለች። በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይቺን ብቻ እሺ በይኝ ሲል እንዲህ ነው የሚያያት። ልጁን ሊገድል አልነበረም፤ ሊያሞቃት ነበር፤ ከሰሉን በሱፍ ኮቱ ጎንበስ ብሎ ራሱ ነው ያነደደው። አሳዘናት። ዳማከሴው ከአጥሩ ሥር አለ፤ ሄዳ ብትቀጥፍ ቀኑ በሰላም ያልቃል። አቶ ግዛቸው ሳጉሬ ተመልሰው ቆርቆሯቸውን ያለብሳሉ፤ ሴቶቻቸው ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናሉ፤ አንድ ቀን ብርድ ሲጸና አንዱ ደግ ሰው ማንደጃ ይዞ ይገባል።

«ምች አይደለም» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ከሰሉ ነው። ጓዳውን ትንፋሽ እስከማያገኝ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ማንደጃውን ያስገቡት እሳቸው ናቸው። አየር አጥተው ነው።»

አቶ ግዛቸው ጢማቸውን ዳበሱ። ወልደጻድቅ ጎንበስ ብሎ በገባበት በር ወጣ። ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አውልቀው የምራታቸው እግር ላይ ጣል አደረጉላት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ባላቸውን ነው፤ እኔ ልጁ እስኪጠና እዚሁ ነኝ፣ እርስዎ በመኪናው ይመለሱ አሏቸው። ተሻለች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ገብቷታል። አራስ በእናቷ ቤት ሳለች አማት አስታማሚ ሆና ስትቀር፣ እናትን አላመንኩሽም ማለት ነው። ነገሩን ዋጠችው።

አቶ ግዛቸው ሊሄዱ ሲሉ ደጅ ላይ ቆመው ቆርቆሮውን ቀና ብለው አዩት። ቅድም ያመሰገኑት ቤት ነው። አሁን ወልደጻድቅን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተሰናበቱትና ወደ መኪናው ወረዱ።

ወልደጻድቅ ሳሎን ገብቶ ከማይነደው ምድጃ አጠገብ ብቻውን ተቀመጠ። ተሻለች ምሳ አቀረበችለት፤ አልነካውም። ጓዳውን ልታጸዳ ገባች። ማንደጃውን አውጥታ ደፋችው። ትራሱን ወሰደች። ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ጋዜጣ አየችው፤ አንድም ቦታ አልተላቀቀም። መስኮቱን በመጥረቢያ ጀርባ መትታ ከፈተችውና ጨርቁን ከነጭቃው ጎትታ አወጣችው። ነፋሱ ገባ። መስኮቱ ግን ሲመሽ መዘጋቱ አይቀርም፤ ታኅሣሥ ላይ መስኮት ከፍቶ የሚያድር የለም። ሰው ሲበርደው እሳት ይፈልጋል፤ ዛሬ የሆነውም በአንድ ክረምት ይረሳል። ሳር ቤቱ ደግሞ ለአራስ እንጂ ለቤተሰቡ ሁሉ አይበቃም። ተመልሰው እዚሁ መግባታቸው ነው።

ጅብሪል ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ዙቤዳ መንገድ ላይ ጠብቃ ነግራው ኖሮ የመሣሪያ ከረጢቱን ከትከሻው ሳያወርድ ነው የደረሰው። አበባንና ልጁን እግዜር አተረፋቸው ብሎ ተሻለችን ሰላም አላት። ወልደጻድቅ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። የሚያዘው ነገር በማግኘቱ ቀለል ያለው ይመስል ነበር፤ ቧንቧው ይፈታ፣ የተሰበረው እንጨት ይውጣ፣ የዛገው ይቀየር፣ ነፋሱ እንዳይመልሰው ከጣሪያው በላይ ከፍ ይበል አለ። ምድጃው ደኅና ቢሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። ይህንንም ያለው ለጅብሪል ነው እንጂ ሚስቱን አላያትም።

«ቧንቧው ይቆይ» አለች ተሻለች።

ጅብሪልን ወደ ቤቱ ግንባር ወሰደችው። ከጓዳው በላይ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ብሎ የሚወጣበት ሦስት ማዕዘን ቦታ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፤ ከመንገዱ ትይዩ ነው።

«እዚህ ላይ ክፈትልኝ። ሰው እጁን አስገብቶ የማይደፍነው፣ ሰፋ ያለ ይሁን። ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ ክዳን አብጅለት። ከውስጥ ኮርኒሱንም እቀድልሃለሁ።»

ጅብሪል ወደ ወልደጻድቅ አየ። የቤቱ ባለቤት እሱ ነው።

«እትዬ፣ በጓሮ በኩል ባደርገውስ?» አለ ለማስታረቅ ያህል። «ከዚያ ማንም አያየውም።»

«በጓሮ በኩል የጭላሎ ነፋስ አየሩን መልሶ ያስገባል እንጂ አያወጣም።»

ወልደጻድቅ ቀረብ አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ዓመቱን ሙሉ ስትደፍኚ ኖረሽ አሁን ትበሺዋለሽ? ብርዱስ?»

«ብርዱ ይገባል። የሚበርደው ሰው ይደርብ።»

«ተሻለች፣ ከመንገድ ይታያል እኮ።»

በመንገዱ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አህያቸውን እየነዱ ያልፉ ነበር። አንዳንዱ በዚህ ሰዓት የሚቀላውን ቆርቆሮ እያየ ይሄዳል። ጅብሪል ትልቁን የቆርቆሮ መቀስ ከከረጢቱ አውጥቶ እንደያዘ፣ የሁለቱንም ፊት በየተራ እያየ ቆሟል።

«ይታይ» አለች ተሻለች፤ መቁረጥ የሚጀምርበትንም ቦታ በጣቷ አሳየችው።